ወንድሜ በኮላ ሊያጣብቃት የነበረችው ጥርስ

ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? የእማዬ ጉልበት እንዴት አደረጋት? ባለቤትህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ሥራዬ ያው የጥርስ ክሊኒኩ ነው፤ መሣሪያ እቀቅላለሁ፣ ለሐኪሟ አቀብላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ታካሚ ሲጠፋ ሐኪሟ አፌን አየት አድርጋ፣ "የሰው ጥርስ ሲሠራ እያየሽ አንቺ ሽራፊ ጥርስሽን ይዘሽ ልትኖሪ ነው? ነይ ተቀመጪ" አለችኝ። እምቢ ብላት አልሰማ አለች።

ጥርሴን ካጸዳች በኋላ አሲድ ያለበት ሰማያዊ ቅባት ቀባችኝ። "ኧረ ዶክተር፣ የተረፈችኝንም ልታጠፊብኝ ነው?" አልኳት። "ለስላሳ ጥርስ ማጣበቂያ አይዝም፤ መጀመሪያ መሻከር አለበት" አለችኝ። አንተስ ግንበኛው ግድግዳውን ሳትወቅር መች ትለስናለህ!

ቅባቱን አጥባ በአየር ስታደርቀው ጥርሴ እንደ ጠመኔ ነጣ። "አሁን ምራቅ ከነካው ልፋታችን ገደል ገባ። እንዳትናገሪ፣ እንዳትስቂ" ብላ አስጠነቀቀችኝ። አትሳቂ የተባለ ሰው መቼም ሳቁ ይመጣበታል። የሰፈራችን ቧንቧ ትዝ አለኝ። ልጆች ሳለን ቀድመህ ልትጠጣ ስትገፋኝ ጥርሴ ብረቱን መታ። እኔ ደም እየተፋሁ ሳለቅስ አንተ ከእኔ ብሰህ እያነባህ፣ ጭቃው ውስጥ ተንበርክከህ ስባሪዋን ፈለግህ። አግኝተህ አጠብካት፤ ከቦርሳህ ኮላ አውጥተህም "አፍሽን ክፈቺ፣ እማዬ ሳትመጣ ላጣብቅልሽ" አልከኝ። እኔ ሞኟ ደግሞ ከፈትኩ! እማዬ ደርሳ ባትነጥቅህ ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር።

ሳቄ አመለጠኝ፤ ምራቄም ነካው። ሐኪሟ ተናዳ ምን እንዳሳቀኝ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችና፣ "ወንድምሽ ሐሳቡ ልክ ነበር፤ ሳያሻክር መቸኮሉ ነው እንጂ" ብላ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። በኋላ ማጣበቂያውን ቀብታ፣ የጎደለውን የሚተካውን ሙሊት ቅርጽ አስይዛ፣ በመብራት አጠነከረችው።

መስታወት ስታሳየኝ ግን አለቀስኩ። ያቺ ጥርሰ ሽርፍ ልጅ፣ ያ ቧንቧ፣ ጉልበትህ ላይ የነበረው ጭቃ፣ ሁሉም አብረው የተሸፈኑ መሰለኝ። ሐኪሟ ያልወደድኩት መስሏት ደነገጠች። ምላሴ እስካሁን እየሄደ ሽራፊዋን ይፈልጋል።

ወንድምዬ፣ በስልክ ባገኘሁህ ቁጥር "ያኔ ባልገፋሽ ኖሮ" ማለትህን ተወው። ጥርሴ ሞልቷል። ደግሞስ ከዚያ ወዲህ ለእኔ ብሎ ጭቃ ላይ የተንበረከከ ማን አለ?

እማዬን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። ባለቤትህን እህትሽን ናፍቀሻታል በላት። ትልቁን ልጅህን ጎበዝ፣ በርታ በልልኝ። ጥርሷ ለወለቀው ለትንሿ ደግሞ፣ አዲሷ ሳትበቅል አፍሽን ከፍተሽ ስቀሽ ፎቶ ላኪልኝ ብላሻለች አክስትሽ በላት።

የምትወድህ እህትህ
ከክሊኒኩ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ጥር 18 ቀን