ለመውጣት ለመግባት

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንዴት ሰነበትሽ? የሰመራ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ባልሽ ሙእሚን ከጅቡቲ መንገድ በሰላም ይመላለሳል? እኛ አዋሽ ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። ደህና ነን ስል ባለቤቴ፣ አክስትሽ ሰዓዳ፣ ደህና ናት ማለቴ ነው። እኔን ካኮረፈችኝ ሰንብታለች፤ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ቃል ግን አታቀርብልኝም።

ስልክ ያልደወልኩት ድምፅሽን ስሰማ መቀለዴ ስለማይቀር ነው። እስክሪብቶ ስይዝ እንኳ ትንሽ አደብ እገዛለሁ።

የሎጊያው ሰውዬ ሁለቱን አሮጌ የስፖርት መኪኖች ሊሸጥ ሲያወጣ፣ ሙእሚንም «ሁለት በር ካልሆነች መኪና አልላትም» ብሎ ሲያስጨንቅሽ፣ ምርጫውን ለእኔ ሰጠሽኝ። ሁለቱ የአንድ ፋብሪካ እህትማማቾች ናቸው። ታላቂቱን ጋራዥ ውስጥ «ሣጥኗ» እንላታለን፤ ቀጥ ያለች፣ መቀመጫዋ ከፍ ያለ፣ በሯ ሰፊ፣ ካርቡራተሯን ከዚህ እስከ ሰርዶ ያለ መካኒክ ሁሉ የሚፈታው። ታናሺቱ «ዓይናፋሯ» ናት፤ መብራቷን ቀን ቀን ኮፈኗ ውስጥ ደብቃ ሲመሽ ብቅ የምታደርግ፣ ከአስፋልቱ ጋር ልትሳሳም የደረሰች።

አንቺ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «አጎቴ፣ ለመውጣት ለመግባት የትኛዋ ትሻለኛለች?»

እኔ ደግሞ ለማስተማር ሰርዶ የምትመላለሺውን ያልሽ መስሎኝ፣ «ለመውጣት ለመግባትማ ሰው ዞሮ የሚያያት ናት! ሣጥን ለአሮጊት ነው» ብዬ ሳቅሁ። አንቺም «እሺ» አልሽ። እውነቱን ከነገርኩሽ ዓይናፋሯን የመረጥኳት ለራሴ ነው፤ ለዒድ ስትመጡ ቁልፏን ተቀብዬ አዋሽ አርባ ድረስ ልበርባት አስቤ።

በዒዱ የሆነውን አንቺው ታውቂዋለሽ። ግቢው በእንግዳ ሞልቶ፣ አንቺ በሩን ይዘሽ ከዚያ ጉድጓድ መቀመጫ መነሳት አቃተሽ። እኔ ምን አደረግሁ? እጄን መዘርጋት ሲገባኝ ሮጬ መኪና የምናነሳበትን ክሪክ አመጣሁ። አጠገብሽ አስቀምጬ «ቆዩ፣ መምህሯን በዚህ ላንሳት! ደመወዝ ተጨመረ እንዴ?» አልኩ። ሰው ሁሉ አውካካ። አንቺም በሻርፕሽ ፊትሽን ሸፍነሽ የሳቅሽ መስሎኝ ነበር።

እንግዳው እንደተበተነ ሰዓዳ መጣችብኝ። «አንተ ሰው፣ ዓይን የለህም? ልጅቷ እኮ ሁለት ነፍስ ናት! ለመውጣት ለመግባት ያለችህ ለወገቧ ነው። የአምናው ፅንስ ሳይቆይላት ስለቀረ፣ ሆዴ ራሱ እስኪናገር ለወንድ ዘመድ አልናገርም ብላ እንጂ» አለችኝ። ክሪኩ ገና በእጄ ነበር። በዚህ ቤት የእርግዝና ምልክት ታይቶ ስለማያውቅ አልገባኝም ልላት አሰብኩና፣ ለእሷ ይህን ማለት ሌላ ነውር መሆኑ ታይቶኝ ክሪኩን ይዤ ወደ ጋራዥ ወጣሁ።

አሁን ደግሞ አዋሽ አልመጣም፣ እዚሁ ሰመራ እወልዳለሁ ብለሽ መላክሽን ሰማሁ። እናትሽ ከሞተች ወዲህ የእናትሽ ቤት ይኸው ቤት ነበር። በአፌ ዘጋሁብሽ።

ባለፈው ሐሙስ እዚያው ነበርኩ። ሎጊያ ሄጄ ሣጥኗን ፈትሼ፣ ሰውየውም እንዲለዋወጥ ከሙእሚን ጋር ካስማማሁ በኋላ፣ ይቅርታ ልልሽ ሰመራ ቤትሽ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። በዓይናፋሯ መጣሽ። በሩን ከፈትሽ፤ አንዱን እግር አወጣሽ፣ አረፍሽ፤ ሌላውን አወጣሽ። ጣሪያውን በሁለት እጅ ይዘሽ ስትነሺ ከንፈርሽን ነክሰሽ ነበር። የሻይ ሒሳቤን ከፍዬ፣ ሳላናግርሽ በመጀመሪያው መኪና ተመለስኩ።

ሣጥኗን ሙእሚን ያመጣልሻል። መቀመጫዋን ከፍ አድርጌልሻለሁ፤ ስትወጪ የምትይዢው እጀታም ገጥሜላታለሁ። ስለ እኔ ብለሽ ግን ከሰዓዳ አትራቂ። እኔ እስከ አርባ ቀንሽ ጋራዥ አድራለሁ፤ ዓይንሽ አያየኝም። እሷ አንቺ ሳትወለጂ የሰፋቻቸውን ትንንሽ ልብሶች ከሻንጣ አውጥታ አጥባ አስጥታቸዋለች። ማንም ለብሷቸው አያውቅም።

አላህ በሰላም ያገላግልሽ፤ ያንቺን ጤና፣ የልጅሽን ዕድሜ ያብዛው። ሲወለድ በጆሮው አዛን የሚልለት ምላሱ ሰው ያላቆሰለ ይሁን። እኔ ከፈቀድሽልኝ ከአጥር ውጭ ቆሜ አሚን እላለሁ።

አንገቱን የደፋው አጎትሽ