የፈረንሳዩ ብስክሌትና የወተቱ ቆርቆሮ፦ የአቶ ኣፍሮም ገብረሂወት የሕይወት ታሪክ

አቶ ኣፍሮም ገብረሂወት ጥቅምት 12 ቀን 1940 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የባቡሩ ፊሽካ እንደ ሰዓት በሚያገለግልበት ቤት ተወለዱ። አባታቸው አቶ ገብረሂወት ሀብቱ ከኤርትራ፣ ከሰገነይቲ መጥተው በምድር ባቡር ጋራዥ በቶርኖ ብረት የሚቀርጹ ሠራተኛ የነበሩ ሲሆን፣ እናታቸው ወይዘሮ ኣምለሰት ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ ያስታርቁ የነበሩ ሴት ናቸው። ወጉ አሁን ወደ ትምህርታቸው እንድናልፍ ያዛል። ነገር ግን ባለ ታሪኩ ቢሰሙን «ብስክሌቱስ?» ብለው ስለሚቆጡ፣ መጀመሪያ ብስክሌቱ ይነገር።

በ1950 ዓ.ም. የጋራዡ ፈረንሳዊ ኃላፊ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ብስክሌታቸውን ለአቶ ገብረሂወት ሰጥተዋቸው ሄዱ። ፓሪስ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሱቅ፣ አባትና ልጅ እያንዳንዱን ብረት በሞረድ እየሳሉ የሠሩት ሰማያዊ ብስክሌት ነበር። ፍሬኑ፣ ማርሽ መቀየሪያው፣ ፔዳሉን የሚይዙት ሁለቱ ክንዶች ሁሉ የእጅ ሥራ ናቸው። አቶ ገብረሂወት ልጃቸውን በዚያ ብስክሌት ላይ ሲያስተምሯቸው አንድ ነገር አደራ ብለዋቸዋል፦ የእንግሊዝ ብሎን ጥርስ የፈረንሳይ ብረት ውስጥ አይገባም፤ በግድ ካስገባኸው ሁለቱም ይበላሻሉ። አቶ ኣፍሮም ይህን ምክር ለብሎን ብቻ አልተጠቀሙበትም። ሽምግልና በተቀመጡ ቁጥር፣ ልጅ ለመዳር በተማከሩ ቁጥር፣ «ጥርሱ ገጥሟል ወይ?» ሳይሉ ነገር አይጀምሩም ነበር።

ትምህርታቸውን በዚያው በድሬዳዋ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተከታተሉ። ትግርኛን ከቤት፣ አማርኛን ከትምህርት ቤት፣ ኦሮምኛና ሶማልኛን ከገበያ ቀስመው፣ ፈረንሳይኛን ግን ከብሎን ነው የተማሩት። የዕቃ ስም ሲሆን እንደ ፓሪስ ሰው ያንበለብሉታል፤ «እንደምን አደርክ» በሉልን ቢሏቸው አይችሉም። ከ1960 ዓ.ም. ጀምሮ አባታቸው በሚሠሩበት ጋራዥ ተቀጥረው ከልብ ወዳጃቸው ከአቶ ተክለሚካኤል ጋር በአንድ ጠረጴዛ ለአሥር ዓመት ሠሩ። አባታቸው ሲያርፉም ብስክሌቱ ለእሳቸው ተላለፈ።

በ1970 ዓ.ም. ድሬዳዋ ለኤርትራዊ አልመች ሲል አቶ ኣፍሮም በእግራቸው ወደ ጅቡቲ ተነሡ። ብስክሌቱን ለአቶ ተክለሚካኤል አደራ ሰጡ። ብዙም ሳይቆይ ጅቡቲ ድረስ ወሬ መጣ፤ ተክለሚካኤል በጦርነቱ ሞተዋል ተባለ። አቶ ኣፍሮም መርዶውን ተቀብለው፣ በስደተኛ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የብስክሌቱን ነገር አንሥተው አያውቁም። ሰው የሞተበትን ብረት ማን ይጠይቃል!

ጅቡቲ ሳሉ የአሰበ ተፈሪዋን ልጅ ወይዘሮ ሠርካዲስን አግብተው ኣሪያምንና ማቲን ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካ፣ ዴንቨር ገብተው መጀመሪያ ፓርኪንግ፣ ቀጥሎ ታክሲ ሠሩ። ከ1995 ጀምሮም በዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ መንገደኛ በዊልቸር እየገፉ አሥራ አንድ ዓመት አገለገሉ። በእሳቸው ፈረቃ ሲጥ የሚል ዊልቸር አልነበረም፤ የዘይት ጠርሙስ ከኪሳቸው አይለይም። አለቃቸው «ይህ የአንተ ሥራ አይደለም» ቢላቸው፣ «ጆሮው ግን የእኔ ነው» ብለው መልሰዋል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ደረስን! እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አቶ ኣፍሮም ድሮ ታክሲ ይዘው ሰው ይጠብቁበት በነበረው በአሮጌው አየር ማረፊያ ሜዳ ላይ በተሠሩት በስቴፕልተን አዳዲስ ቤቶች መካከል ሲነዱ፣ ሰው ያገለገለ ዕቃውን ግቢው ላይ የሚሸጥበት የያርድ ሴል ምልክት አዩና ፓርክ አደረጉ። ወይዘሮ ሠርካዲስ መጋረጃ ሲያገላብጡ እሳቸው አንድ የዝገት ሣጥን ውስጥ እጃቸውን ከተቱ። የወጣው የፍሬን ክንድ ነበር። ሞረዱ የሄደበትን መስመር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፤ ያች የፓሪስ ሱቅ ሥራ! ከፍለው፣ ቀስ ብለው ተራምደው፣ መኪና ውስጥ ገብተው፣ በሩን ከውስጥ ቆለፉና እልልታውን አቀለጡት። ሠርካዲስ «ሰውዬው ምን ነካው?» ብለው መስኮት እያንኳኩ በላብ ተጠመቁ እንጂ አልተከፈተላቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴንቨር አጠገብ በኦሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ያለው አፓርታማቸው ሰላም አላገኘም። የአባታቸውን ዓይነት ብስክሌት ቁራጭ በቁራጭ ለቅመው ሊገጥሙ ቆርጠዋልና፣ ልጃቸው ኣሪያም ኢቤይ የሚባለውን የኢንተርኔት ጨረታ ከፈተችላቸው፤ እንግሊዝኛውን እሷ ታነባለች፤ ፎቶውን እሳቸው በአጉሊ መነጽር ይመረምራሉ። «ዳዲ፣ ዲስ ኢዝ ጀስት ኤ ብሎን» ስትላቸው፣ «አፍሽን ዝጊና ዋጋ ጨምሪ» ይሏታል። ሰማያዊው ፍሬም ከካናዳ፣ ማርሽ መቀየሪያው ከሊዮን፣ የቀኙ የፔዳል ክንድ ደግሞ ከአንዲት የፈረንሳይ ባልቴት ዘንድ መጣ። ፖስተኛው በር ሲያንኳኳ እንደ ሙሽራ ይቀበሉት ነበር። ዕቃው ሲደርስ በጋዝ ታጥቦ፣ በጨርቅ ተጠቅሎ፣ የልጅ ልጃቸው ቤዚ ጠጥታ በጨረሰቻቸው የሕፃን ወተት ቆርቆሮዎች ውስጥ ይቀመጣል፤ ክዳኑም በፕላስተር ይታሸጋል። በ2005 መጨረሻ ሁሉ ነገር ተሟልቶ አንድ ብቻ ቀረ፤ የግራው ክንድ። ያችን ግራ በዓለም ላይ ያለው ሰው ሁሉ የዋጣት ይመስል ነበር።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሐኪም የጉበት ካንሰር እንዳለባቸው ነገራቸው። ከታከሙ አንድ ዓመት ያህል፣ ከዚያ በላይ ግን ቃል አልገባም አለ። ቤተሰቡ ሲላቀስ አቶ ኣፍሮም ወደ ቁም ሣጥናቸው ሄደው ቆርቆሮዎቹን ቆጠሩና «አንድ ዓመት ለአንድ ክንድ ይበቃል» አሉ። ከሞት ጋር የገቡት እሽቅድምድም ይኸው ነበር፤ ያንን ብስክሌት ሙሉ አድርጎ በራስ እግር መንዳት።

በጃንዋሪ 2006 የወይዘሮ ሠርካዲስ ታናሽ ወንድም ስለሺ (ይህን ታሪክ የጻፈው ያው ሰው ነው፤ ጥፋቱንም አልደበቀም) ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ተነሣ። ድሬዳዋ የምትኖረው እህታቸው ቀጸላ ልጇ ወልዳላት ስለነበር፣ ሠርካዲስ ለአራሷ ሕፃን ስለሺ ከቁም ሣጥን እያወረደ ያቀበላቸውን ስድስት ቆርቆሮ ወተት ከሻንጣው ከተቱ። አየር ማረፊያ ሲደረስ ሻንጣው ስድስት ፓውንድ በለጠ። አቶ ኣፍሮም የሥራ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ እየሮጡ መጡና ሻንጣውን ወለል ላይ ዘረገፉት። ስለሺ አንዱን ቆርቆሮ ላስቀር ሲል ተቆጡ። «የአራስ ቤት ወተት ይቀራል እንዴ! ጫማ ኢትዮጵያም አለ!» ብለው የስለሺን አዲስ ጫማ አውጥተው፣ ቆርቆሮዎቹን በገዛ እጃቸው ከሻንጣው መልሰው ጠቀጠቁ። ጫማው እስከ ዛሬ እሳቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

በሳምንቱ ቆርቆሮ ከፈቱ። ዱቄት! ንጹሕ የሕፃን ወተት! የቀኙ ክንድ፣ ፍሬኑና ማርሽ መቀየሪያው አትላንቲክን ተሻግረዋል። አቶ ኣፍሮም ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ሠርካዲስ ደረታቸውን እየመቱ «ገደልኩት!» ሲሉ ስልኩ ጮኸ፤ ቀጸላ ናት። «እህቴ፣ ጥርስ ላላበቀለ ልጅ ብረት ትልኪያለሽ?» አለች። ሠርካዲስ ሳቁም ለቅሶውም አንድ ላይ መጣባቸው።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። ቀጸላ ብረቱን ምን ላድርገው ብላ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ብስክሌት ለሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ወስዳ አሳይታቸው ነበር። ሽማግሌው የቀኙን ክንድ ዳሰሱት። የማን እንደሆነ ጠየቁ። የእህቴ ባል፣ ኣፍሮም የሚባል ሰው ነው አለቻቸው። «ልጄ፣ ኣፍሮም በረሃ ላይ በውኃ ጥም ሞቷል፤ ተዝካሩን ያበላሁት እኔ ነኝ» አሏት። አቶ ተክለሚካኤል ነበሩ!

ሁለቱ ሙታን በማግስቱ በስልክ ተገናኙ። ሃያ ስምንት ዓመት አንዱ ሌላውን ቀብሮ ኖሯል። አሪፍ ሰላምታ እንጠብቅ ነበር፤ አቶ ተክለሚካኤል ግን በመጀመሪያ ያሉት፣ «ኣፍሮም፣ አደራህን በላሁ። ብስክሌቱን ቀበሌ ወሰደው። ግራውን ክንድ ብቻ፣ ለጥገና ፈትቼ ቤት አስቀምጬው ስለነበር አተረፍኩልህ» ነው። አቶ ኣፍሮም ስልኩን ይዘው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኛ ለክንዱ መሰለን፤ «እናንተ ደግሞ! ወንድሜ ተነሥቶልኝ ስለ ብረት ታወራላችሁ?» ብለው ተቆጡን።

በማርች ከድሬዳዋ የመጣች መንገደኛ ያንኑ ቆርቆሮ ይዛ ደረሰች። በውስጡ አራተኛ ዕቃ ተጨምሮበት ነበር፤ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለው ግራ ክንድ። አቶ ኣፍሮም መፍቻ አላነሡም። ፔዳሉን በጣታቸው ብቻ ወደ ግራ እያዞሩ ከተቱት፤ ሳይንገራገጭ ገባ። «ጥርሱ ገጠመ!» ሲሉ ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ ቤቱ ተናወጠ።

በሜይ 2006፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቼሪ ክሪክ መንገድ ላይ ነዱት። ሕክምናው ያሟጠጣቸው ሰው በነጭ ሸሚዝ፣ ሱሪያቸውን ካልሲ ውስጥ ከተው፣ እየበረሩ አለፉ! ማቲ እየሮጠ «ስሎው ዳውን!» ይላል፤ እሳቸው ደወል ይደውሉበታል። ሐኪሙ የሰጠው ዓመት አልፎም ነዱ። በሕመሙ ደህና ቀናት ሁሉ፣ በቻምበርስ ሮድ ዳርቻ፣ እስከ ሜይ 2007 ድረስ አላቋረጡም።

አቶ ኣፍሮም እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 2007 (ሰኔ 7 ቀን 1999 ዓ.ም.) በተወለዱ በ59 ዓመታቸው በኦሮራ ቤታቸው፣ ቤተሰባቸው እንደ ከበባቸው አረፉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ ልጆቻቸው ኣሪያምና ማቲ፣ የልጅ ልጃቸው ቤዚ፣ ዘይታቸውን የለመዱ ዊልቸሮች ሁሉ ያጧቸዋል።

ከማረፋቸው ከአንድ ሳምንት በፊት ስለሺን ጠርተው አንድ ነገር አዘዙት። ብስክሌቱ ተፈትቶ ወደ ድሬዳዋ ይሂድ፤ ለተክለሚካኤል ይሰጥ። «ያኔ አደራ ብዬ ሰጠሁት፤ አሁን ግን የራሱ ነው በለው» አሉት። ሰው ሁሉ ለሚሌኒየሙ አገር ቤት ሲገባ ስለሺም ትኬቱን ቆርጧል። ቆርቆሮዎቹ ተሰልፈው ተዘጋጅተዋል፤ ዘንድሮ በየትኛው ውስጥ ምን እንዳለ በደንብ ያውቃል። ለአቶ ተክለሚካኤል እስካሁን አልተነገራቸውም። የአንዴው መርዶ ውሸት ነበርና በስልክ ቢነገራቸው አያምኑም፤ ወንድሜ ደግሞ ተነሥቶ ይደውልልኛል ብለው ይጠብቃሉ። ስለዚህ ስለሺ ደጃቸው ደርሶ ቁጭ ይላል፤ መጀመሪያ የሚያወጣውም የግራውን ክንድ ይሆናል። እሳቸው ያንን ሲያዩ ያውቃሉ።

በበረሃ መንገድ የጠበቃቸው አምላክ ነፍሳቸውን ሞረድና ዝገት በማይደርስበት ቤት ይቀበልልን፤ ለቀረነውም ጥርሱ የገጠመ ፍቅር ይስጠን። አሜን።