ድዴና ሰማያዊው ክር

ጥቅምት 4
አርባ ሦስት የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍተን ዋልን። ወገቤ ተቆረጠ። ጥርሴን ስቦርሽ ደም... ከላይ በኩል፣ ሽቦው ሥር ድዴ ቀልቷል። ጥርሴን በሽቦ ካሳሰርኩ ገና አራት ወሬ። ነገ ይተወኝ ይሆናል።

ጥቅምት 7
አልተወኝም። አብጦ ሽቦውን ሊሸፍነው ነው። ብሩሽ ሲነካው ይደማል፣ እሱን ቦታ መቦረሽ ትቻለሁ። ይረፍ እስቲ።
ባለቤቴ "አንቺ ሴትዮ፣ በሃምሳ ዓመትሽ የጎረምሳ ጌጥ አድርገሽ፣ ድድሽ አፍሮ ነው የቀላው" አለኝ። ሳቅሁ፣ አፌን በእጄ ሸፍኜ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ነው የምስቀው። ለዚህ አይደል እንዴ ያሳሰርኩት?

ጥቅምት 11
ጥርስ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ልጄን ታክላለች፣ ቁጣዋ ግን የአማት ነው። በቀጭን መንጠቆ ከድዴ ሥር ምን ጎትታ ብታወጣ ጥሩ ነው? ሰማያዊ ክር።
"እናቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"
"የዩኒፎርም መሰለኝ።"
"ዩኒፎርም ይበላሉ?"
ክር በጥርሴ እንደምበጥስ ነገርኳት። የሠላሳ ዓመት ልማድ፣ ምን ልበል። መቦረሽ መተዌን ስትሰማ ደግሞ ባሰባት። "የሚደማው እኮ ስላልጸዳ ነው። እሱን ቦታ ነው ቀስ ብለው መቦረሽ።" በሁለት ሳምንት እብጠቱ ካልቀነሰ ሽቦውን ትፈታዋለች። ቁርጡን ነገረችኝ።
አራት ወር ሙሉ የቻልኩት ሁሉ... ለብጣሽ ክር?

ጥቅምት 12
መቀሱን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። እንዲያም ሆኖ እስከ ምሳ ሦስቴ ክሩን ወደ አፌ ወሰድኩ። ጨርቅ ቆራጩ አይቶኝ "እትዬ፣ አፍሽን ልስፋልሽ?" አለ። "ታዲያ አንተን ማን ይሰድብልሃል?" አልኩት።

ጥቅምት 15
ደማ። ቦረሽኩት። በጨው ውሃ ተጉመጠመጥኩ። ደማ።

ጥቅምት 19
ዛሬ ደሙ ጠብ ብቻ አለ። ልጄ በስልኳ መብራት አፌን አይታ "እማዬ፣ ሽቦው እኮ ታየ" አለች። እውነቷን ነው ወይስ ልታጽናናኝ? መስታወት አመጣሁ። ታየ።

ጥቅምት 25
ሐኪሟ ድዴን ጫን ጫን አደረገችው። አልደማም። መሣሪያ ስታነሳ አፌን ዘጋሁ። ልትፈታው ነው ብዬ...
"ምን ያስፈራዎታል? ላጠብቀው እኮ ነው።"
አጠበቀችው። ማታ ሾርባ እንኳን አቃተኝ። ባለቤቴ "አመመሽ?" አለኝ።
"በጣም።"
"ታዲያ ምን እንዲህ ያስደስትሻል?"
"ሽቦው ሥራውን ይዟላ።"