በሲባጎ የተሰፋው ጫማ

ብዕሩን የያዘችው የጎረቤታችን የሙህዲን ሚስት ሩመይሳ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። አስተማሪ ስለሆነች ላሳምርልዎ ትላለች። አታሳምሪ ብያታለሁ።

ልጄ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። አካም ጅርታ? ጤናሽ እንዴት ነው? ቤትሽስ? ያ ያልመረቅኩት ባልሽስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከሚሴን እንደ ድሮው አልዞርም ብሏል። ስልክ ስደውል ድምፄን ሰምተሽ ስለምትዘጊው ነው ሩመይሳን ወረቀት ያስያዝኳት።

እናትሽ ከረመዷን ወዲህ ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ አላት፤ አንደበቷም ተያዘ። ጆሮዋና ልቧ ሙሉ ነው። የጤና ጣቢያዋ ልጅ የቤት ዕቃ ስዕል ያሳዩዋት፣ የፈለገችውን በጣቷ ትንካ አለችኝ። ሩመይሳ ከመጽሐፍ ቆርጣ አመጣች። እናትሽ የሰው ቤት ብርጭቆ አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ታውቂያት የለ፣ የራሷን ነው የምትፈልግ። ስለዚህ የሳሙና ካርቶን ቀደድኩ፣ ከሰል አነሳሁ።

ሰንበቴ ገበያ የግመል ዕድሜ ከሩቅ የምለይ ሰውዬ በብርጭቆ ተሸነፍኩ! አክስትሽ አሻ አይታ፣ ይሄ ብርጭቆ ነው ጉድጓድ? ክደነው፣ ግመል እንዳይገባበት ብላ ሳቀችብኝ። ሩመይሳ ግን አልሳቀችም፤ አባባ፣ አፉ ክብ መሆኑን ስለሚያውቁ ክብ አደረጉት፤ ለእሳቸው ከተኙበት እንደዚያ አይታያቸውም አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ዞሬ ዞሬ መጣሁና ከመደቧ ሥር መሬት ላይ ተጋደምኩ። ወላሂ እውነቷን ነው፤ ከዚያ ሲያዩት የብርጭቆ አፍ ግማሽ እንደተከደነ ዓይን ነው። እንደዚያው ሳልኩት። እናትሽ በግራ ጣቷ ነካችው፤ ውሃ ጠጣች። መስጊድ ደጃፍ ሳይቀር ለሰው አወራሁ።

ከዚያ ትራሱን፣ መስገጃዋን፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያውን ሳልኩ። የማንቆርቆሪያውን ጡት አሳጥሬባት በጥፍሯ እየጫረች አስደገመችኝ። አንደበቷ ቢያዝም ክፉ መምህር ናት።

ብቻ የምትፈልገው አንድ ነገር አለ፣ አጣሁላት። ካርቶኑን ሁሉ ስዘረጋላት እያየች ትገፋዋለች። ብርድ ልብሱን ስዬ ገፋች፤ መቁጠሪያዋን ስዬ ገፋች። እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ እንቅልፍ የለም። አሁንም ሩመይሳ ይቀመጡ ትለኛለች፤ ቆሜ ነው የማስጽፈው። አሻ ደግሞ የምትፈልገውማ ልጅህን ነው፣ ፊቷን ስለህ ስጣት አትለኝም! አበድሽ ወይ አልኳት። ነፍስ ያለው ነገር ስዬ፣ የቂያማ ቀን አላህ ፊት በል እስቲ ነፍስ ዝራበት ልባል?

ትናንት ተመልሼ አጠገቧ ተጋደምኩ፤ ዓይኗ ወዴት እንደሚሄድ ልይ ብዬ። ወደ በሩ ነው፣ ጫማ ወደምናወልቅበት። የኔ አለ፣ የሷ አለ። መሃሉ ባዶ ነው።

ከባቲ ያመጣሁልሽን ነጠላ ጫማ ከልቤ አውጥቼ ሳልኩት፤ ቀኙን በአንድ ካርቶን፣ ግራውን በሌላ። አሳየኋት። አልገፋችውም። የቀኙን ማሰሪያ ግን በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ ተሳስተሃል ማለቷ ነው። ለካ ተበጥሶብሽ አልቅሰሽ፣ በሲባጎ የሰፋሁልሽ እሱን ነው። ስፌቱን ጨመርኩበት። አንስታ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ እስካሁን ለማንም አልሰጠችም።

ግራውን እዚህ ወረቀት ውስጥ አጥፌዋለሁ። ጫማ ደግሞ ለየብቻው አይቀመጥም፤ ይሄን እንኳ ሳታውቂ አልቀረሽም። በሰው እጅ እንዳትመልሽው፣ ይጠፋል።

ረቢ ስ ሃ ኤጉ፣ ይጠብቅሽ። አላህ ልጅ ይስጥሽ፤ መንገዱንም ሰላም ያድርገው።

አባትሽ

በቃ ሩመይሳ። እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ፤ ያላልኩትን ጨምረሽ እንደሆነ ልስማ። ጮክ በይ፤ እናቷም ትስማ።