ያላወረድኩት እርቅ

ኅዳር 3
ነፋሱ ዛሬም አቧራውን ጓዳ ድረስ አስገባው። ሁለቴ ጠረግኩ፣ ምን ዋጋ አለው! ሮባ ባጃጁን አሳጥቦ መጣ። ባጃጁን የሚወደውን ያህል ሴት ቢወድ ኖሮ እስካሁን አያት ነበርኩ። እንዲህ ስለው ይስቃል ልጄ።
እየበላ፣ "ተራ አስከባሪ ነን የሚሉት ልጆች አስቸገሩን" አለ። በየምልልሱ ክፈል ነው አሉ። አልከፍልም ብሏቸዋል።
"ክፈልና ሂድ፣ ምን አስጨነቀህ" አልኩት።

ኅዳር 6
እጁን በገጀራ መቱት። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ! ያውም ቀኝ እጁን… ሐኪሙ ጅማቱን ሰፋለት፣ ሁለቱን ጣቶች ግን እንጃ አለ።
የመታው ከተራ አስከባሪዎቹ አንዱ፣ ዱጋሳ ነው፤ ፖሊስ ወስዶታል። የላከው ግን አለቃቸው ታጠቅ መሆኑን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ቀበሌው "የወጣቶች ተወካይ" እያለ ፊት ወንበር የሚያስቀምጠው ታጠቅ!
ከሹፌሮቹ አይቻለሁ የሚል አንድ ሰው ጠፋ። ሁሉም ፊቱን አዙሮ ነበር አሉ። ጉድ እኮ ነው!

ኅዳር 9
የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ መርዳሳ ሊጠይቁን መጡ። ብርቱካን ይዘው። ከኋላቸው ማን ቢገባ ጥሩ ነው? ታጠቅ!
"ማዘር፣ ወንድሜ እኮ ነው" እያለ ሮባን አገላብጦ ሳመው። ደሜ ፈላ። ግን በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው በምን አፌ ውጣ ልበለው? ተቀመጡ አልኩ። አብሯቸው የመጣ አንዱ በስልክ ፎቶ አነሳን።
ምን ነክቶኝ ነው ዝም ያልኩት?

ኅዳር 11
ፎቶው በቀበሌው ቴሌግራም ወጥቷል። "በወጣቶች መካከል ተፈጥሮ የነበረው አለመግባባት በእርቅ ተፈታ።"
እርቅ?! ማን ከማን ታረቀ? ዱጋሳ ተለቋል፤ ይኸው ባጃጅ ተራው ላይ ቆሞ ሰው ይሰድባል።
ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። "እናቴ፣ ታርቃችሁ የለም እንዴ? ፎቶውን አይተነዋል" አሉኝ።
ስመለስ ጎረቤቴ አሚራ በር ላይ አገኘችኝ። "ስንት ካሷችሁ?" አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።
ልጄ በግራ እጁ ይበላል፣ እነሱ ለፎቶ ይስቃሉ። እመቤቴ ትፍረደኝ!

ኅዳር 12
ሮባ "በቃ ይቅር፣ እማ" አለ። ባጃጁን እናቃጥላለን ብለው ደውለውለታል… ፈራሁ። ንዴቱ ግን በለጠብኝ።

ኅዳር 16
የሰላም ስብሰባ ተጠርቶ ሄድኩ። አቶ መርዳሳ "እናታችን ስለ እርቁ ይንገሩን" ብለው ማይክ ሰጡኝ። ምስጋና ጠብቀው እኮ ነው!
"የልጄን እጅ ያስመታው ያው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቤቴ ይዘውት የመጡት እርስዎ ነዎት። እኔ ከማንም አልታረቅኩም!"
ማይኩን ነጠቁኝ። ከኋላ አሚራ ተነሳች፤ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸች። "ባሌ አይቷል! ለልጆቻችን ብሎ ነው ዝም ያለው!"
ባሏ ኢሊያስ፣ እሱም ባጃጅ ነጂ ነው፣ ካቀረቀረበት ቀና አለ። ከዚያ ተነሳ። "አዎ፣ አይቻለሁ" አለ።

ኅዳር 19
ኢሊያስ እኔንና ሮባን አሳፍሮ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ወሰደን። በእነ ታጠቅ ፊት ለፊት አለፍን። አልቆመላቸውም።
ዐቃቤ ሕጓ ልጅ እግር ናት። ፎቶውን አሳየችኝ። "ታርቀዋል ይላል እኮ፣ እማማ?"
"ይቅር የምለው እኔ ነኝ፣ ልጄ። አላልኩም።"
ጻፈችው። "በቃ ይቅር" ሲል የነበረው ሮባም ቃሉን ሰጥቶ በግራ እጁ ፈረመ። ፊርማው የሕፃን ይመስላል።