የባሕር ሣርሽና ያ ሰው

ጥሩዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ካለሽበት መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ከተለየሽኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። እንጅባራ እንደምታውቂያት ናት፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አይተውም፤ ባጃጆቹ ጭቃ ውስጥ ያጓራሉ። ከበራችን ፊት ያለው ቦይ በድንጋይ ተሠርቷል። ላሟን ሸጥኳት። ወጡን ራሴ እሠራለሁ፤ ጎረቤት ላምጣልዎ ሲለኝ እምቢ እላለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ገንዳው ነው። ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል ከሥሩ ልነሣ።

ከእኔ በፊት አሰብ ኖረሻል፤ ከእኔ በፊት ባል ነበረሽ፣ ወደብ ላይ የሚሠራ ሰው። ማርታን ወለዳችሁ፤ እሱ እዚያው ሞተ፤ አንቺ ሕፃንሽን አዝለሽ ወደ ሀገርሽ ተመለስሽ፤ እኔም አገባሁሽ። የሰውየውን ስም አልጽፍም። በሕይወት ሳለሽ የሚበቃውን ያህል ጠርተሽዋል። ባሕሩ ሲሸሽ ከዳር ሆናችሁ የባሕር ሣር ስትለቅሙ፣ ቤት ወስዳችሁ በመስታወት ዕቃ ስታሳድጉት የነበረውን ባወራሽ ቁጥር ፊትሽ ይበራ ነበር። የእኔን ነገር ስታወሪ እንደዚያ ሲበራ አላየሁም።

ጎረቤታችን ደምሴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሲሆን ሣር እንዲያመጣልሽ ለመንሽው። እሱ አመጣ፤ ገንዳውን ግን የሠራሁት እኔ ነኝ። የመስኮት መስታወት ቆርጬ፣ ጠርዙን አጣብቄ፣ ሲያፈስ እንደገና አፍርሼ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። ላባ የመሰለው አረንጓዴ ሣር ውኃው ውስጥ ሲዘረጋ አጨበጨብሽ። «ልክ እንደ አሰቡ!» አልሽ። ስለ ገንዳው አንድ ቃል አልተናገርሽም። እኔም በአገውኛ አጉረመረምኩ። ቋንቋውን አትችይም ነበር፤ ስድቡን ግን ለይተሽ ታውቂ ነበር መሰል፣ ሳቅሽ።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ ውኃው እየጎደለ ሄደ። አንቺ ሲጎድል የዝናብ ውኃ ነበር የምትጨምሪበት፤ ለእኔ ግን ባሕሩን ማቅጠን ይመስለኝ ነበር። ከእናንተ ከሁለታችሁ አብልጬ ላሳድገው ብዬ ገበያ ወጣሁና ከብት የሚልሰውን አሞሌ ጨው ገዛሁ።

«አባ፣ ላሟን ሸጠው አሞሌው ለማን ነው?» አለችኝ ሻጯ።

«ለባሕር» አልኳት። አጠገቧ የነበሩት ሁሉ ሳቁብኝ።

አሞሌውን ወቅጬ፣ በውኃ አሟምቼ ገንዳውን ሞላሁት። ሣሩ ነጣ፤ እንደ ተቀቀለ ጎመን ልፍስፍስ አለ። ስለ ምክንያቱ ማንንም አላማከርኩም። የጨው ውኃ ድስት ላይ ጥጄ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፤ ጨው ከታች ቀረ። ለካ ከገንዳው የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው፤ ጨው የትም አይሄድም። ትክክለኛዋ አንቺ ነበርሽ። እሱ ነው ያስተማረሽ ብዬ ሳስብ ደግሞ ድስቱን አንሥቼ ልወረውረው ቃጣኝ።

በዚያው ሰሞን ማርታ ከዳንግላ መጣች። የነጣውን ሣር አይታ አለቀሰች።

«ጋሼ፣ ይስጡኝ ብዬዎት ነበር እኮ። ይሄ የአባቴ ነገር ነው።»

በእጄ ያሳደግኋት ልጅ እኔን ጋሼ፣ እሱን አባቴ ትላለች። በልጅነቷም እንዲሁ ነበር፤ አንቺም አላረምሻትም።

«የአባትሽ መቃብር አሰብ ነው። ገንዳው የእኔ ነው» አልኳት።

«ገንዳውስ እሺ፤ ሣሩ የማን ነው?» አለችኝ።

 ያ ጥያቄ እህል አላስበላ አለኝ። በቤቴ፣ በገዛ መስታወቴ ውስጥ የእሱ ሣር ነበር የሚያድገው። ስለዚህ ባሕሩ ድረስ ሄጄ የራሴን ላመጣ ቆረጥኩ።

ፓስፖርት የሚያወጣው ልጅ «አባት፣ የጉዞዎ ምክንያት?» ቢለኝ «ሣር ላመጣ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ንግድ ብዬ ልጻፈው» አለ። ደምሴ በመኪናው ጅቡቲ ድረስ ጫነኝ። ሙቀቱን አልነግርሽም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ካፖርቴን አውልቅ ብሎ ቢጨቀጭቀኝም አላወለቅሁም።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ውኃው ሸሽቶ ድንጋዮቹ ወጥተዋል። ያንቺ አሰብ አይደለም፤ ውኃው ግን ያው ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ። ሣሩን እንደ እንክርዳድ ነቀልኩት፤ እጄ ላይ ተበጣጠሰ። ሌላ ነቀልኩ፤ ያም ተበጠሰ። እንዴት እንደሚያዝ አውቅ ነበር፤ ነግረሽኛል። ሣሩን ሳይነኩ የያዘውን ድንጋይ አብሮ ማንሣት ነው። ግን ስትነግሪኝ የእሱን ስም ጠርተሽ ስለነበር እጄ እምቢ አለ።

«ጋሼ፣ ባሕሩን ሊያርሙት ነው እንዴ?» አለ ደምሴ ከዳር ሆኖ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ያኔ ነው የመጣብኝ። ገና ወጣት ሳለሽ፣ እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ቀሚስሽን ሰብስበሽ ስትራመጂ ያየሽ እሱ ነው። እኔ አላየሁም። የፈለግሁትን ያህል ብኖር አላይም። በሳቅሽ፣ በእርጅናሽ፣ በሕመምሽ ከእሱ በላይ አብሬሽ ነበርኩ፤ በዚያ አንድ ነገር ግን በልጦኛል። እንደዚያ ቀን በሰው ቀንቼ አላውቅም፤ ያውም በሙት።

ማዕበሉ እየተመለሰ ነበር። ጎንበስ ብዬ አንድ ድንጋይ ከነሣሩ አነሣሁ። እሱ ባደረገው መንገድ፣ ጥርሴን ነክሼ። አልተበጠሰም፤ ሌላም ደገምኩ።

በባሕሩ ውኃ በራሰ ጆንያ ጠቅልዬ፣ በመንገድ ሁሉ ጆንያውን እያራስኩ፣ በጀሪካን ውኃውንም ይዤ ገባሁ። የአሞሌውን ውኃ ደፍቼ ሣሩን ከገንዳው ከተትኩት፤ አሁን አረንጓዴ ነው። ሲጎድል የዝናብ ውኃ እጨምርበታለሁ።

የደብራችንን አባት አንድ ነገር ጠየቅኋቸው፤ ሁለታችሁም ወዲያ ናችሁ፣ እኔ ብቻዬን ወዲህ ነኝና። በዚያኛው ዓለም ጋብቻ የለም አሉኝ። ደስ አለኝ። ለእሱም የለውም ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ ማርታ መጣች። ጎንበስ ብላ ገንዳውን አየች። ከዚያ «ድንጋዩን አብረው ነው ያነሡት?» አለችኝ፤ አንቺ ለእሷም ነግረሻት ኖሯል። አዎ አልኳት። እንድሰጣት አልለመነችም፤ እኔም ብትለምነኝ አልሰጥም ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ሳትለምነኝ ስትቀር ግን እጄን ገንዳው ውስጥ ከትቼ አንዱን ድንጋይ ከነሣሩ አወጣሁላት። ውኃውን በማሰሮ ቀዳሁላት። በሚኒባስ ጭኗ ላይ አድርጋ ወሰደችው።

ቃል ግን አስገብቻታለሁ። ቤቷ ገብቶ ይህ ሣር የማን ነው ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ የእናቴ ነው ትላለች፤ ማን አመጣው ቢሏት እኔን ትጠራለች። ስለ አባቷ የፈለገችውን ታውራ፤ ያን አልከለከልኩም። ከዚህ በላይ ግን አልለዝብም።

ጥሩዬ፣ አልረሳሽም። እስካሁን የማስታውስሽ ከተጋባን ወዲህ ያለሽውን ብቻ ነበር። ከእንግዲህ አሰብሽንም፣ ቀሚስሽን የሰበሰብሽበትንም ውኃ አብሬ አስታውሳለሁ። ባላየውም የእኔም እግር ገብቶበታል።

ባልሽ