አምባ የሌለው ባላምባራስ

አዳማ፣ ማክሰኞ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

በራሴ እንደ ዛሬ ተናድጄ አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ባቡር ጣቢያው አጠገብ ከምጽፍበት በረንዳ አዲሱ ባላምባራስ መጥተው አቤቱታ አጻፉኝ። ሹመቱን ያገኙት ዘንድሮ ነው። «የጥንት አባቶቼ ባላምባራስ ስለነበሩ የቱፋ እርሻ ርስቴ ነው ብለህ ጻፍ» አሉኝ።

የኔታ ያስተማሩኝን ነገርኳቸው። ቃሉ «ባለ አምባ ራስ» ነው፤ በጥንት ነገሥታት ዘመን የንጉሥን አምባ የሚጠብቅ አለቃ ማለት ነበር። ሹመት እንጂ ርስት አይደለም። በዚህ ሜዳ ላይ ደግሞ ምን አምባ አለና?

«ታሪክ አልጠየቅሁህም፤ የተባልከውን ጻፍ» ብለው ተቆጡ። ፈራሁና ጻፍኩ።

ዛሬ ሽማግሌው ኦቦ ቱፋ ዳኛው የሰጧቸውን የአቤቱታውን ግልባጭ ይዘው ከደራ በኩል በእግራቸው መጡ። ማንበብ ስለማይችሉ አነበብኩላቸው።

«ይህን ውሸት ማን ጻፈው?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ኦቦ ቱፋ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አጠገቤ ተቀመጡ።

«እንግዲያ መልሱን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም» አሉ። «ጻፍ፣ ልጄ።»

ስለ ቃሉ፣ ስለ አምባው፣ ስለ ፍርሃቴም ሳይቀር ጻፍኩ። ከታች ስሜን ፈረምኩ። ነገ ችሎት ላይ ሲነበብ ባላምባራስ ይሰሙታል፤ ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም። ንዴቴ ግን አልበረደም። ሽማግሌው ባይመጡ ኖሮ ዝም ብዬ እቀር ነበር።